«ሲስተሙ ሲገባ ይስተካከላል»፦ የኢአርፒ ተረትና እውነታ

ኢአርፒ ሊገዛ በተሰናዳ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህች አነጋገር አትጠፋም። አይስተካከልም። ግዢን፣ ንብረትን፣ ሒሳብንና ደመወዝን በአንድ ቋት የሚያገናኘው ሶፍትዌር የሚያገናኘው የሰጡትን ብቻ ነው። አንዱ የንብረት ሠራተኛ «ኤ ፎር ወረቀት» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «የፎቶ ኮፒ ወረቀት»፣ ሦስተኛው «ደብል ኤ» ካለው፣ ለሲስተሙ ሦስት ዕቃ ነው። መደርደሪያው በወረቀት ተጨናንቆ ስክሪኑ «ዜሮ» ይላል፤ ግዢ ክፍልም ሌላ ያዛል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ከሶፍትዌሩ በፊት ያለው ነው፦ መጋዘን ገብቶ መቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስምና አንድ ኮድ መስጠት። አሰልቺ ነው፤ እንደ ውል ፊርማው ፎቶ አይነሡበትም። የሚዘለለውም ለዚህ ይመስለኛል።

«ገንዘብ ካለ ይሳካል» የሚሉም አሉ። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሊድል ገንዘብ አላጣም። ሰባት ዓመት ገደማ የደከመበትን፣ 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደፈሰሰበት የተዘገበውን፣ ኤስኤፒ የተባለውን ኢአርፒ የማስገባት ፕሮጀክት ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ተወው። ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ፣ ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በገዛበት ዋጋ ሲሆን ሶፍትዌሩ የተሠራው በመሸጫ ዋጋ እንዲተምን መሆኑ ነው። አሠራሬን አልለውጥም ስላለ ሶፍትዌሩ ተቀዶ ተሰፋ። «ለእኛ ይስተካከልልን» ማለት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመትና ጳጉሜ ግድ ናቸው። ለአንድ እስክሪብቶ የሚሰበሰበው አምስት ፊርማ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

«ቶሎ ይጀመር» ሦስተኛው ነው። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ሄርሺ 48 ወር ይፈጃል የተባለውን የኢአርፒ ተከላ በ30 ወር ሊጨርስ ተጣደፈ። በ1999 እ.ኤ.አ. ጣፋጭ በብዛት ለሚሸጥበት የሃሎዊን በዓል ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን አስጀመረው፤ ቸኮሌቱ መጋዘን ተቀምጦ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትዕዛዝ ሳይደርስ ቀረ። የእኛ ሃሎዊን ሰኔ ነው። በሐምሌ 1 መጀመር ለመነሻ ሒሳብ ይመቻል፤ ሥልጠናውን ግን ሠራተኛው ቆጠራና ሒሳብ መዝጋት ባጣደፈው ወር ማድረግ ምን ይሉታል?

«የአይቲ ክፍል ሥራ ነው» ለሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቢን ካርዱን፣ ማለትም የዕቃውን ገቢና ወጪ በእጅ የሚመዘግቡበትን ካርድ፣ ተው ብሎ ማዘዝ የሚችለው ማነው? የበላይ ኃላፊው እንጂ የአይቲ ባለሙያው አይደለም። ካልታዘዘ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ዕቃውን በሞዴል 22 የወጪ ቅጽ በእጁ ጽፎ ያወጣል፣ ቢን ካርዱ ላይ ይቀንሳል፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ ሲስተሙ ላይ ይጭናል። ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ያለፈውን ዓርብ ነው።