ጥጥ በመስኖና በዝናብ፤ ስለ ዝርያዎች አወዳደር

የቀድሞው የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ሳለ፣ ከሚሸጡበት ዕቃዎች አንዱ ጥጥ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1936–1941 እ.ኤ.አ.) ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ። ይሁን እንጂ ፈታይዋም ሆነች ሸማኔው ዛሬም የሚፈልጉት ያንኑ፣ ጭረቱ ረጅምና ጠንካራ የሆነውን ጥጥ ነው። ይህን ጠባይ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኞቹ ዝርያውና የሚያገኘው ውሃ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ዝርያ «መልካም ነው» ከመባሉ በፊት በየትኛው ውሃ እንደ ተፈተነ መጠየቅ የሚገባ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በአገራችን ጥጥ በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ፣ በመተማና በሑመራ ቆላ ግን በክረምት ዝናብ ይመረታል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥጥ ምርምር የሚካሄድበት የመልካ ወረር ጣቢያ የሚገኘው በመስኖው አገር ነው። አካላና ዴልታፓይን የተባሉት በአገራችን የታወቁ ዝርያዎች ከአሜሪካ የመጡ ናቸው።

ጥጥ ውሃ ሲያጥረው እምቡጡንና ለጋ ፍሬውን ያራግፋል። ጭረቱም የሚረዝመው አበባው ከፈካ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ያህል ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ድርቅ ከደረሰበት አጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ በመስኖ ብዙ ፍሬ ሲይዝ፣ ዝናብ ቶሎ በሚያቆምበት አገር ግን ፈጥኖ የሚደርሰው ይበልጠዋል። በሌላ በኩል መስኖም የራሱ ጠንቅ አለው፤ ውሃ ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ ያበዛል፣ የውሃ መውረጃ በሌለበትም መሬቱ ጨዋማ ይሆናል።

ለስሌት ያህል ሁለት ዝርያዎችን እናስብ። «ሀ» በመስኖ በሄክታር 30 ኩንታል፣ በዝናብ 9 ኩንታል ይስጥ፤ «ለ» ደግሞ 24 እና 12 ኩንታል ይስጥ። የሁለቱ ቦታዎች አማካይ ሲወሰድ «ሀ» 19.5፣ «ለ» 18 ኩንታል ይሆናል። አማካዩን ብቻ የተመለከተ ሰው «ሀ»ን ለሁሉም ያድላል፤ በዝናብ የሚያርሰው ገበሬ ግን ከምርቱ አንድ አራተኛውን ያጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው ፈተና እነዚያኑ ዝርያዎች በሁለቱም ቦታ፣ በዕጣ በተደለደሉና በተደጋገሙ መደቦች፣ ከአንድ ዓመት በላይ መዝራት ነው። ከተዳመጠ በኋላ የሚገኘው ጥጥ መመዘን፣ የጭረቱም ርዝመት መለካት አለበት። ደረጃቸው ከቦታ ቦታ የሚገለባበጥ ከሆነ፣ መገለባበጡ ራሱ የምርምሩ ውጤት ስለሆነ በአማካይ ሊሸፈን አይገባውም። ለመተማ ገበሬ የሚሰጠው ዘር በመተማ ዝናብ የተፈተነ ይሁን።