የመንግሥት ነገረ ፈጆች በአዲሱ የአስተዳደር ሕግ ዘመን

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሥራው ለብዙ ዘመን ከክስ በኋላ የሚጀምር ነበር፤ ሹም በቃል ያዘዘውን፣ ጸሐፊም ምክንያቱን ሳያስቀምጥ የጻፈውን ውሳኔ ተሸክሞ በችሎት ፊት መቆም የሙያው ዕጣ ሆኖ ኖረ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር ውሎችና ስለ መንግሥት ኀላፊነት ቢደነግግም፣ ውሳኔው ራሱ እንዴት ተመክሮበትና ተጽፎ እንዲወጣ የሚያዝዝ ጠቅላላ ሥርዓት ግን ሳይደነገግ 60 ዓመት አለፈ።

ይህን ሥርዓት የሠራው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሊያወጣ ሲያስብ ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል፣ የጸደቀውን እንዲያስመዘግብና በድረ ገጹ እንዲያወጣ፣ በግለሰብ ጉዳይ ሲወስንም ባለጉዳዩን ሰምቶ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዝዛል፤ ቅሬታውን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አቅርቦ ያልረካም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመለክታል። ባለጉዳይ መመሪያ መኖሩን የሚሰማው ጥያቄው ውድቅ በሆነ ቀን፣ ያውም ከመሳቢያ ሲወጣለት እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ድንጋጌ ምን ያህል ልማድ እንደሚነቀንቅ አይሰወረውም። ስለዚህ ዛሬ ነገረ ፈጁ የሚረታበት ወይም የሚሸነፍበት ቦታ፣ በእኔ አስተያየት፣ ችሎቱ ሳይሆን ውሳኔው የሚረቀቅበት ጠረጴዛ ነው፤ ምክንያት የሌለበትን መዝገብ የትኛውም አንደበተ ርቱዕ ኋላ ሊያድነው አይቻለውም።

አዋጁ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችም ስለሚመለከት፣ የከተማ ነገረ ፈጆች ሸክም ተደራርቧል። በመሬት ረገድ አዋጅ ቁጥር 455/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬታቸው ለሚነሡ ሰዎች አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ስላቋቋመላቸው፣ የካሳ ስሌት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ መመርመር ይጀምራል።

ስለ ውል የሆነ እንደሆነ ነገሩ የበለጠ ረቂቅ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የአስተዳደር ውል በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ክልከላውን ሳይሽር፣ በሕግ የተፈቀደ ሲሆን ብቻ በሩን ከፈተ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ፍርዶችን ስለ ማወቅና ስለ ማስፈጸም የተደረገውን የኒውዮርክ ስምምነት በመቀበሏ ደግሞ፣ በውል ሰነድ ግርጌ ሳይመረመር የሚገባ የግልግል አንቀጽ ከፊርማው ዕለት ጀምሮ ነገረ ፈጁን ሊያስጨንቀው ይገባል።

የሙያው አደረጃጀትም ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 943/2008 የፌዴራል መንግሥትን ክርክር በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር ሰበሰበ፤ በ2014 ዓ.ም. ይኸው ተቋም ሥልጣኑን ለፍትሕ ሚኒስቴር አስረከበ። በወዲያኛው ወገን አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት እንዲሰባሰቡ ስለ ፈቀደ፣ ነጠላ ነገረ ፈጅ ከተደራጀ ተከራካሪ ጋር ይገጥማል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በክልሎች ላይ አይዘረጋም። ገበሬው መሬቱን የሚያስመዘግብበት፣ ነጋዴውም ፈቃድ የሚያወጣበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሥነ ሥርዓቱ ውጭ ነው፤ ክልሉ በራሱ ምክር ቤት የራሱን ካልደነገገ በቀር፣ የወረዳው ባለሙያ ምክንያት እንዲጻፍ ሹሙን የሚያሳስበው በዚህ አዋጅ ሳይሆን በራሱ ድፍረት ነው።