ሴቻ ላይ ማዕዘን ማስፋት እግረኛን አያድንም

የኮሪደር ልማት ወሬ ወደ ክልል ከተሞች ከወረደ ወዲህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ባጃጅ ውስጥም ሻይ ቤትም የሚደጋገም ሐሳብ አለ፦ «ሰው የሚገጨው መስቀለኛው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ማዕዘኑ ተቆርጦ ይስፋ፣ አደጋው ይቀንሳል»። ስህተት ነው። ሰው የሚያስገድል ስህተት ስለሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። መንገድን እንደ ኩልፎ ወንዝ እናስበዋለን፤ ወንዝ ሲሰፋ ረጋ ይላል። መኪና ሲሰፋለት ይፈጥናል።

ስለ ዜብራ ቀለም፣ ስለ መብራትና ስለ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉም ያወራል፤ እኔ አልደግመውም። ብዙ ያልተወራለት የማዕዘኑ ኩርባ ነው።

ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹፌር ፍጥነት የሚቀንሰው ሕግ ስላወቀ ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ወደ ጎን ስለሚገፋበት ነው። ይህ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ ኩርባው ሲለጠጥ ደግሞ ይቀንሳል። ሹፌሩ ሳይጨንቀው የሚችለው የጎን ግፊት ከመሬት ስበት 30 በመቶ ያህል ነው እንበልና እናስላ። የማዕዘኑ ራዲየስ 15 ሜትር ከሆነ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር እየነዳ ይታጠፋል። 5 ሜትር ከሆነ 14 ላይ መውረድ ግድ ይለዋል። ሹፌሩም መኪናውም ያው ናቸው፤ የተነሳው የጠርዙ ድንጋይ ብቻ ነው።

የ24 እና የ14 ልዩነት ትንሽ የሚመስለው ካለ ስሌቱን ይቀጥል። ሹፌሩ እግረኛ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ይይዛል ብንል፣ በ24 የሚሄደው ለመቆም ወደ 10 ሜትር ይፈልጋል፣ በ14 የሚሄደው 5 ሜትር። እግረኛው 7 ሜትር ላይ ብቅ ቢል አንዱ ይቆምለታል፣ ሌላው ይገጨዋል። ሲገጨው ደግሞ «እግረኛው ዘሎ ገባ» ተብሎ ይጻፋል።

ማዕዘን ሲቆረጥ የሚሻገሩት ስፋትም ይጨምራል። የማገዶ እንጨት አዝላ የምትሻገር እናት በሰከንድ 0.8 ሜትር ያህል ብትራመድ፣ 14 ሜትር አስፋልት ለመጨረስ 17 ሰከንድ ተኩል ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ በሰዓት 40 የሚመጣ መኪና 190 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ እግሯን ከማንሳቷ በፊት 190 ሜትር ድረስ ባዶ መንገድ ማየት አለባት ማለት ነው። ዜብራው አፍ ላይ ቆሞ ሰው የሚጭን ባጃጅ ባለበት ሴቻ፣ ይህን ያህል አሻግሮ የሚያይ ዓይን የለም። ስፋቱ 9 ሜትር ቢሆን 125 ሜትር ይበቃታል።

ማዕዘንን ማጥበብ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ምኞት አይደለም። አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ ላይ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ማዕዘኖቹ በቀለምና በጊዜያዊ መከለያ ወደ መንገዱ ወጥተው፣ ለእግረኛ ቦታ ተጨምሮ፣ መሻገሪያው አጥሯል። ቀጥሎ መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ የሚባለው መስቀለኛም እንዲሁ ተሠርቷል። የከተማው አስተዳደር ሥራውን የሠራው በብሉምበርግ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ድጋፍ ነው። እዚያ ካሉት ጎዳናዎች ጋር ሲነጻጸር የሴቻ መስቀለኛ ቀላል ነው።

«አይሱዙና አውቶቡስ እንዴት ይታጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። መልሱ ማዕዘኑን ለሁሉም መክፈት አይደለም። ከጠርዙ ውጪ ዝቅ ያለ፣ ሸካራ ንጣፍ ይሠራል፤ የከባድ መኪና የኋላ ጎማ ይወጣበታል፣ ትንሹ መኪና ግን ይሸሸዋል።

ስለ ፍጥነትና ስለ ሞት በሚነገሩት ቁጥሮች ላይ ግን የሙያ ጓደኞቼ የሚከራከሩበት ነገር ስላለ ልጠንቀቅ። በየሥልጠናው «በ50 የተገጨ እግረኛ ከ10 ስምንቱ ይሞታል» የሚል ሰሌዳ ይታያል። ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው በደንብ ካልተመዘገቡበት የቆየ መረጃ የመጣ በመሆኑ ቁጥሩ ተጋኗል። ተመራማሪዎቹ ሮዘንና ሳንደር በ2009 እ.ኤ.አ. የጀርመንን የአደጋ መረጃ አስተካክለው ሲያሰሉ እጅግ ያነሰ ነው ያገኙት። ይሁንና በ50 መገጨት በ30 ከመገጨት ከአምስት እጥፍ በላይ ገዳይ መሆኑ እዚያም ጸንቷል። የእነሱ ቁጥር ደግሞ በቤት መኪና ፊት የተገጩ አዋቂዎችን የሚመለከት ነው፤ አምቡላንስ ቶሎ በሚደርስበት አገር የተሰበሰበ ነው። ለሕፃን፣ ወይም የአይሱዙ ግንባር ለመታው ሰው አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት «አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ 4 በመቶ ይጨምራል» የሚለውም የብዙ መንገዶች አማካይ እንጂ የአንድ መስቀለኛ ትንበያ አይደለም። የእኔ የጎን ግፊት 30 በመቶም ግምት ነው፤ ባጃጅ በሦስት ጎማው የመገልበጥ ስጋት ስላለበት ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። አቅጣጫውን ግን ማንም አይክድም።

ብስክሌተኛውን ሁለት ነገር ያገኘዋል። የቀኝ ጠርዝ ይዞ በቀጥታ ሲሄድ፣ ከጎኑ ያለው መኪና ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጥፎ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ጠበብ ያለ ማዕዘን እዚህም ሹፌሩን ያዘገየዋል። ሁለተኛው የሴቻ የራሱ ጉዳይ ነው። ከሴቻ ወደ ሌላው የከተማው ክፍል ወደ ሲቀላ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁልቁለትም አለበት። ዝናብ በመታው አስፋልት በሰዓት 40 የሚሄድ መኪና፣ ፍሬን ሲይዝ ቁልቁለቱ 8 በመቶ ቢሆን 19 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል፤ ያንኑ ዳገት ሲወጣ 13 ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ከቁልቁለቱ ማብቂያ አጠገብ ያለ መሻገሪያ ከሌላው ቀድሞ ፍጥነት መቀነሻ ያስፈልገዋል።

ዳገቱን የሚወጣ ብስክሌተኛ ደግሞ ዝግ ስለሚል ሚዛኑን ለመጠበቅ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከኋላው ያለው መኪናም ከእሱ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ቦታው ለሁለቱም አቅጣጫ የብስክሌት መስመር የማይበቃ ከሆነ፣ ግማሽ ግማሽ ከማካፈል ዳገቱን ለሚወጣው ብቻ መስጠት ይሻላል፤ በጠርዝ ድንጋይ ተለይቶ፣ እስከ መስቀለኛው አፍ ድረስ ሳይቋረጥ።