ለኩላሊት እጥበት የደም መንገድ

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ ለ4 ሰዓት ያህል ደሙ በማሽን ይታጠባል። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ይፈልጋል። ተራ የክንድ ደም መልስ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ይህን ያህል አይሰጥም።

መፍትሔው ደም መልስን ከደም ቅዳ ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ከኒውዮርክ ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ ፊስቱላ ይባላል፤ ከወሊድ ፊስቱላ ጋር ግን አይገናኝም። ደም መልሱ ሰፍቶ ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ደም መልሱ ቀጭን ከሆነስ? ሰው ሠራሽ ቱቦ በመሃል ይገባል። አንገት ላይ የሚገባው ካቴተር ወዲያው ያገለግላል፤ ለኢንፌክሽን ግን ይበልጥ ያጋልጣል። የክንዱ ካልሆነ ወደ ጭን ይኬዳል። በሆድ ውስጥ የሚደረገው እጥበት ደግሞ ደም ስር አይፈልግም።

ደም ስር በመርፌ ብዛት ይበላሻል። ስለዚህ ኩላሊቱን የሚታመም ዘመድ ካላችሁ፣ ለምርመራ ደም ሲሰጥ ከእጁ ጀርባ እንዲወሰድለት ይጠይቅ። ፊስቱላ ባለበት ክንድ የደም ግፊት አይለካም። አላህ ሕሙማንን ሁሉ ያሽርልን።