አጥንቱ ቶሎ የሚሰበር የጉዲፈቻ ልጅ

«በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ የጉዲፈቻ ወላጅን አንገት ያስደፋል። ኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ በሚባለው፣ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚደርሱ ሕፃናት በአንዱ ላይ በሚከሰተው የአጥንት መሰባበር ሕመም ግን መልስ ማጣት ያን ያህል አያሳስብም። ከባዶቹ ዓይነቶች በአብዛኛው የሚነሡት አዲስ ከተፈጠረ የዘረመል ለውጥ ነው። የወለደችው እናት ራሷ ብትጠየቅ «ኧረ የለም» ማለቷ አይቀርም።

አጥንት ካልሲየም ብቻ አይደለም። ማዕድኑን የሚሸከመው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው ይሠሩታል። በየሰንሰለቱ በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን የተባለችው ትንሿ አሚኖ አሲድ መኖር አለባት፤ መሃል ላይ ባለችው ጠባብ ቦታ የምትገባው እሷ ብቻ ናት። በምትኳ ሌላ ሲሰካ ግመዳው ይዛባል። ስለዚህ ወተትና የአጥንት ሾርባ ማብዛት፣ ጎረቤት ሁሉ ቢመክረውም፣ ጉድለቱን አያቃናውም። ይኸው ኮላጅን በዓይን ነጭ ክፍልም ስላለ፣ ይህ ክፍል ሲሳሳ የብዙዎቹ ልጆች የዓይን ነጭ ሰማያዊ መልክ ይይዛል።

የዕለት ጥንቃቄው የእጅ ሙያ ነው። ዳይፐር ሲቀየር ቁርጭምጭሚት ይዞ እግር ወደ ላይ ማንሳት ጭኑን ሊሰብር ይችላል፤ መዳፍን ከመቀመጫው ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ማንሳት ይሻላል። ልብስ ሲለብስ ክንዱ አይጎተትም፤ እጅጌው ይሰበሰብና ወደ ክንዱ ይመጣል። በብብት ብድግ ማድረግ የለም። ማዘልም ሐኪም ሳይጠየቅ ባይሞከር ጥሩ ነው። ፈርቶ አስተኝቶ ማሳደግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ያልሠራ አጥንት የባሰ ይሳሳል። በሰው ድጋፍ ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ ይረዳል።

ፓሚድሮኔት የመሰሉ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች አጥንት የሚሸረሽሩትን ሴሎች ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም። ከጉርምስና በኋላ ስብራቱ በአብዛኛው ይቀንሳል።

ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. ስለከለከለች፣ እንዲህ ያለ ልጅ አሳዳጊ የሚያገኘው እዚሁ ነው። ስብራት ሲደጋገም ግን «ማን መታው?» ይባላል፤ ያልወለደ አሳዳጊ ላይ ሲሆን ደግሞ ጣት ለመቀሰር ማንም አይዘገይም። ልጅን ከጥቃት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ያለ ምርመራ መፍረድ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሕመሙ የማይተናነስ ጉዳት ነው። የሕመሙ ስም ያለበት የሐኪም ደብዳቤ ከልጁ ቦርሳ ባይለይ ይመረጣል፤ የደም ግፊት መለኪያው ክንዱን አጥብቆ እንዳይጨምቀው የሚል ማሳሰቢያም ቢጨመርበት ለተረኛው ነርስ ይጠቅማል።