አይጠየፍ፦ የወሎው ንጉሥ የግብር አዳራሽ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል። ከጦሳ ተራራ ሥር በተዘረጋችው በዚህች ከተማ ከሚጎበኙት ሁሉ የሚቀድመው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። የነገሥታት ቅርስ ሲባል ዙፋንና ምሽግ ለሚጠብቅ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ አይጠየፍ የተሠራው ሰው ሊበላበት ነውና።

ንጉሡ የማመዶች ቤት ልጅ ናቸው። ይህ የሙስሊም መሳፍንት ቤት ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወረ ሂመኖን ማእከል አድርጎ ሲገዛ ኖሯል። የኢማም ሊበን አመዴን ልጅ መሐመድ አሊን በ1870 ዓ.ም.፣ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በተደረገበት ወቅት፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክርስትና አነሷቸውና ሚካኤል ተባሉ። በኋላ የአፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ዐድዋ ላይ ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ዘመቱ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን አልጋ ሲወርሱ አባትየው ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

በዚያ ዘመን መንግሥት የሚጸናው በጦር ብቻ አልነበረም፤ ግብር ማብላትም የአገዛዝ ሥራ ነበር። በግብር ቀን መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ቀድመው ይቀመጣሉ። እንጀራው በየመሶቡ ተደራርቦ ይቀርባል፤ ብርንዶ ይዞራል፤ ጠጁ ይቀዳል። እነሱ በልተው ሲነሱ ተራው የወታደሩ ይሆናል፤ ከወታደሩ ቀጥሎ ድሃው ይገባል። ማን የት እንደተቀመጠ ያየ ሰው ማን እንደተሾመና ማን እንደተቀየመ ያለ ነጋሪ ይረዳል።

ወሎ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያን አይበላም። የወሎ ሰው መላውን ያውቃል፦ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱና ዘመዱ ለብቻ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። አዳራሹም እንደ ስሙ በደሴ ሰው አፍ ሙስሊም ክርስቲያኑን፣ ሀብታም ድሃውን ሳይለይ ያስተናገደ ቤት ተብሎ ነው የሚወሳው። ከሁለቱም እምነት ዘመድ ያለው ንጉሥ ሊያጸና የሚችለው መንግሥት ሁለቱንም የሚያበላ መንግሥት ብቻ ነበር።

ዘመኑ አልረዘመም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ፤ ንጉሡም ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ተመትተው ተማረኩ። ከተማዋም መከራ አላጣችም፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቧት። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውና የወሎ ቅርስ የተሰበሰበበት የደሴ ሙዚየምም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ሳምንታት ተዘርፏል።

በጦርነትና በወረራ የተጎዳ ቅርስ ሌላ አገርም አለ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኮሪያን የገዛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ዋና ቤተ መንግሥት ግዮንግቦክጉንግ አንዱ ነው። ጃፓኖች አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1910 ከያዙ በኋላ ብዙውን ሕንፃ አፈረሱ፤ ከዙፋን አዳራሹ ፊት ለፊትም የቅኝ ገዥውን ጽሕፈት ቤት ገተሩበት። ኮሪያውያን ይህን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፍርሰው የጥንቱን ቤተ መንግሥት እየገነቡ ነው። ለዚህ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ስለ ሕንፃዎቹ የተጻፈ መዝገብ ነበር።

ደሴም እንዲህ ያለውን መዝገብ አሁን ልትጀምር ትችላለች። ግድግዳና ጣሪያ ይጠገናል። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የማን እርድ የት እንደሚዘጋጅ፣ መሶቡ በማን ተራ እንደሚቀርብ የሰሙ ሽማግሌዎች ግን ዛሬውኑ ተጠይቀው ቃላቸው መጻፍ አለበት። ያ ከጠፋ አይጠየፍ ከሌላው አሮጌ አዳራሽ የሚለይበት ነገር አይኖረውም።