ለደጋ አደን የሚሆን ስኮፕ፤ ክብደቱ ከየት ላይ ይቀነስ?

በጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በደጎሎም ሆነ ከዚያ በሰሜን ምዕራብ በኩል በመካነ ሰላም፣ ጠመንጃ ለደገኛው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ምንሽርና ዲሞትፈር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረበት አገር ነው። መነጽር የተገጠመለት የአደን ጠመንጃ ግን በዚያ ገበያ የለውም፤ ወደፊትም የሚኖረው አይመስልም። የደንቆሮ ጫካ በቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ ሥር ተከልሎ ስለሚጠበቅ ጭላዳውም ሆነ ቀይ ቀበሮው፣ የምኒልክ ድኩላውም ጭምር አይታደንም።

ያው የምኒልክ ድኩላ በአርሲና በባሌ ደጋዎች፣ ለአደን በተከለሉ ቀበሌዎች ውስጥ በፈቃድ ይታደናል። ከእሱ ጋር ደግሞ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን አለ። ዘርፉን በውጭ ምንዛሪ የሚያስጠራው ይኸው አጋዘን ነው። አንድ የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ ጉዞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ለእሱ ሲል ነው። በየአደን ቀበሌው የሚፈቀደው ቁጥር ጥቂት በመሆኑ አንድ ጥይት የሚሸከመው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በአደን ውል እንደተለመደው ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ደንበኛው ክፍያውን ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ድርጅቱም ስሙ ይጎድፋል። በመጥፋት ሥጋት ላይ ካለ ዝርያ አንድ ወንድ በከንቱ መሞቱም የሚታለፍ ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ በጠመንጃው አናት ላይ የሚቀመጠው፣ በአዳኞች አነጋገር “ስኮፕ” የሚባለው የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ለአስጎብኚና ለአደን ድርጅቶች የጌጥ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ትልቁ ሌንስ ለማን ተሠራ?

የደጋ አጋዘን በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን በሚሻገር ከፍታ ላይ፣ በአስታና በኮሶ ጫካ ውስጥ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ያለከልካል። እያንዳንዱ መቶ ግራም የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ሆኖም ብዙ ደንበኞች ይዘውት የሚመጡት ስኮፕ የፊት ሌንሱ 50 ወይም 56 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክብደቱም ከ600 ግራም የሚበልጥ ነው። ለረጅም ርቀት ተኩስ የሚሠሩት ደግሞ 800 ግራምን ያልፋሉ።

ባለ 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመካከለኛው አውሮፓ ሌሊት የተሠራ ዕቃ ነው። ጀርመናዊው ወይም ኦስትሪያዊው አዳኝ ማማ ላይ ተቀምጦ በጨረቃ ብርሃን የዱር አሳማ ይጠብቃል፤ መሳሪያውን ተሸክሞ ተራራ አይወጣም። በባሌ ሁኔታው ሌላ ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ደንበኛው በትልቁ ሌንስ የሚያተርፈው ብርሃን ቢኖር የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ያችንም ቢሆን ሒሳቡ ሲሠራ ታጥራለች። ከስኮፑ ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊት ሌንሱን ስፋት በማጉያው ቁጥር በማካፈል ነው። 36 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ6 እጥፍ ሲያጎላ 6 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ 56ቱ በዚያው ማጉያ ከ9 በላይ ይሰጣል። የሰው የዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው በወጣትነት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ወደ 5 ይወርዳል። ይህን ያህል ዶላር ከፍሎ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎልማሳነቱን የጨረሰ ሰው ነው። የተረፈው ብርሃን ዓይኑ ውስጥ አይገባም፤ የተረፈው ክብደት ግን ትከሻው ላይ ይቀራል። በ10 እጥፍ ማጉያ ለሚተኩስ ሰው ትልቁ ሌንስ ብልጫ እንዳለው መካድ አይቻልም። ሲመሽ ማጉያውን ወደ 6 የሚመልስ ሰው ግን አይቸገርም።

በተግባር የሚመከረው ከ2.5 እስከ 8 ወይም ከ3 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ሌንሱ ከ36 እስከ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ ነው። ዝቅተኛው ማጉያ የማይናቅ ነው፤ አስታ ጫካ ውስጥ እንስሳው በ40 ሜትር ብድግ ሲል በ6 እጥፍ ብቻ የሚያሳይ መነጽር ቅጠልና ፀጉር እንጂ አጋዘን አያሳይም። ለአብነት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በአሜሪካ ኦሪገን የተመሠረተው ሉፖልድ የሚሠራው ባለ 2.5-8 በ36 ስኮፕ 320 ግራም ገደማ ይመዝናል። በኦስትሪያ ቲሮል የሚገኘው ስዋሮቭስኪ ዜድ 3 በሚል ስም የሚያቀርበው ባለ 3-10 በ42 ደግሞ ወደ 360 ግራም ነው። ከትልቁ ጋር ሲነጻጸሩ ክብደታቸው በግማሽ ያህል ያንሳል።

ግራም የማይቀነስበት ቦታ

ስሕተት የሚፈጸመው ክብደቱን ከሌንሱ ሳይሆን ከአሠራሩ ላይ የቀነሰ ርካሽ ዕቃ ሲገዛ ነው። ስኮፕ ውስጥ የማነጣጠሪያውን መስመር የሚያንቀሳቅሱ ጥቃቅን ብሎኖችና ሞላዎች አሉ። እነሱ ከላሉ ጠመንጃው ትናንት ከመታበት ዛሬ አይመታም፤ ተኳሹም ይህን የሚያውቀው ከሳተ በኋላ ነው። በባሌ ጠመንጃ የሚጓዘው በፈረስ ኮርቻ ጎን ተንጠልጥሎ ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፕላን ሆድ፣ ቀጥሎም በላንድክሩዘር ወለል ላይ ሲንገጫገጭ ቆይቷል። ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ከከባዱ ይልቅ ወደ ኋላ በኃይል ስለሚመታ ስኮፑን አብዝቶ ይጎዳዋል። የተኳሹን ቅንድብም እንዲሁ፤ በዓይንና በመነጽሩ መካከል 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት የማይሰጥ ስኮፕ በቀላል ጠመንጃ ላይ መግጠም ደም ማፍሰስ ነው።

ገዢው የዕቃውን ጽናት በቀላሉ ሊፈትን ይችላል። ጠመንጃው በ100 ሜትር ከተስተካከለ በኋላ ማስተካከያው 20 ቁጥር ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እየተዞረ በየማዕዘኑ ይተኮሳል። የመጨረሻው ጥይት የመጀመሪያው ቀዳዳ አጠገብ ካላረፈ ስኮፑ ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው። በተለመደው የአሜሪካ ልኬት አንዱ ቁጥር በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር በሚያያዙት ቀለበቶች ላይም መቆጠብ አይገባም። ከጥሩ አሉሚኒየም የተሠሩት ከብረቶቹ ይቀላሉ፤ ብሎናቸው ግን በልክ ካልጠበቀ የሺህ ዶላር መነጽር ዋጋ የለውም።

ስለ ቧንቧው ውፍረትም በሻጮች ዘንድ የሚነገር ተረት አለ። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ከባለ 25.4 ይልቅ ብርሃን ያስገባል የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚያስገኘው ሰፊ የማስተካከያ ክልል ነው፤ እሱም 300 ሜትርን ለማይሻገር ተኩስ እምብዛም አያስፈልግም።

ከፍታው በጥይቱ ጉዞ ላይም ለውጥ ያመጣል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጥይቱ የሚወርደው በትንሹ ነው። በ300 ሜትር ልዩነቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ጉዳይ ሲሆን፣ ሰፈር እንደደረሱ ጠመንጃውን እንደገና በመሞከር ይታረማል። ይልቅ የሚያስተው ቁልቁለቱ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 300 ሜትር ርቆ የሚታይ እንስሳ ለጥይቱ 260 ሜትር እንዳለ ይቆጠራል። ወደ ላይም ተተኮሰ ወደ ታች፣ ይህን ያላሰበ ሰው ጥይቱ ከላይ ያልፍበታል። ለዚህ የሚረዳው የርቀት መለኪያ እንጂ ውድ ስኮፕ አይደለም።

የገበያው ስፋት

ጥሩ ቀላል ስኮፕ በውጭ መደብሮች ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ያወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር ከፍ ያለ ገንዘብ ነው። ገዢውም ጥቂት ነው። አብዛኛው ደንበኛ የራሱን ጠመንጃ በጊዜያዊ ፈቃድ ይዞ ገብቶ ይዞት ይወጣል። የሚቀሩት ለደንበኛ የሚያከራዩት ጠመንጃ ያላቸው የአደን ድርጅቶችና ፈቃድ ያላቸው ባለሙያ አዳኞች ናቸው። አስመጪ በሃምሳ ስኮፕ መጋዘን ቢሞላ ገንዘቡን አሰረ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስገባትን፣ መሸጥንና ማከማቸትን ይከለክላል። ስኮፕ ከጠመንጃ ጋር የሚሄድ ዕቃ በመሆኑ ነጋዴው እንደ ካሜራ ሌንስ ቆጥሮ ከማዘዙ በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካልና ጉምሩክን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የአደን ድርጅት ባለቤት የሆነ ባለሀብት በበኩሉ ሊያከራየው ላሰበው ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ጥሩ ስኮፕ፣ በሰፈሩ ሣጥን ውስጥ ደግሞ በቀለበቱ ላይ እንዳለ ተስተካክሎ የተቀመጠ አንድ መጠባበቂያ ቢኖረው ይበቃዋል። የደንበኛው መነጽር በጉዞ ላይ ተሰብሮ ሲገኝ፣ አጋዘኑ ያለበት ቦታ ከአዲስ አበባ በመኪናና በፈረስ የሚደረስበት ነውና፣ መለዋወጫ ፍለጋ የሚጠፋው ቀን ከደንበኛው የጉዞ ቀናት ላይ ይቆረጣል።